እህቴ ሰንጠረዡ ላይ የለችም፦ ለአንድ የግብር ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሞ እኔም ጋ ደረሰ። የላከልኝ ሙጋድ አካባቢ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ደንበኛዬ ነው። ከሥሩ "ሰነፎች ተብለናል፣ ምን ትላለህ?" ብሎ የሳቅ ምልክት ደርድሮበታል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ደሴ ውስጥ የነጋዴ መዝገብ ስይዝ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል። "ግብር የሚከፈልበት ገቢ" የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚጋገር ምጣዱ ዳር ተቀምጬ ነው የማየው።

ጽሑፉን ላላነበባችሁት ባጭሩ ይኸው። ጸሐፊው የአገሪቱን ከተሞች በሰንጠረዥ ደርድረዋል። የየከተማውን ግብር የሚከፈልበት ገቢ ለነዋሪው ብዛት አካፍለዋል። አዲስ አበባ ከላይ፣ የወሎ ከተሞች ወደ ታች። ከዚያ ተነስተው ወሎዬ ቡና ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ ኮምቦልቻ ያን ሁሉ ፋብሪካ ይዛ ጠብ የሚል ነገር የላትም፣ ነጋዴው ገቢውን ይደብቃል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ከተማ የሰበሰበውን ይብላ፣ ስዊድንም ያደገችው እንዲህ ነው ይላሉ። በእሳቸው ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን ዘልዬው አልፋለሁ።

ማካፈሉ ላይ ጠብ የለኝም። በትክክል አካፍለዋል። ጥያቄው ያካፈሉት ምኑን ነው የሚለው ነው።

መጀመሪያ ስሙን እንያዝ። ጸሐፊው "ግብር የሚከፈልበት ገቢ" ብለው ይጀምራሉ። ሁለት አንቀጽ ወረድ ሲሉ "ገቢ" ብቻ ይሆናል። መጨረሻ ላይ "ሀብት" ሆኖ ቁጭ ይላል። ሦስቱ ግን ቢበዛ የሩቅ ዘመድ ናቸው። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በወር 1,900 ብር ይከፈለዋል እንበል። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ከደመወዙ ነፃ የሚሆነው የመጀመሪያው 600 ብር ብቻ ነበር፤ ስለዚህ በየወሩ 142 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበታል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ 1395/2017፣ ነፃውን መጠን 2,000 ብር አደረሰው። ከዚያ ወዲህ ከሰውዬው ደመወዝ አንድ ሳንቲም አይነካም። ያው በር፣ ያው ዱላ፣ ያው ካፖርት። ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ውስጥ ግን የለም። ከተማው ደኸየ ማለት ነው? እንዲያውም ሰውዬው በወር 142 ብር ተርፎታል። ዝቅተኛ ደመወዝተኛ የሚበዛበት ከተማ ግን ምንም ሳያጠፋ፣ በአንድ አዋጅ፣ ሰንጠረዡ ላይ ቁልቁል ይንሸራተታል።

ገበሬውንም አትርሱት። ገበሬው የሚከፍለው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ የሚተመነው በመሬቱ ስፋት ነው እንጂ ጎተራው ተከፍቶ ኩንታል ተቆጥሮ አይደለም። ቆቦ ላይ በመስኖ ሽንኩርት የሚያወጣውን ከለጋምቦ ደጋ፣ ውርጭ ገብሱን ከበላበት ሰው ጋር አስተያዩት። ኑሯቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ወረቀቱ ላይ ያን ርቀት አታገኙትም።

አሁን ወደ ቡናው።

አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። ሦስት ዙር ነው፣ አልክድም። ጸሐፊውም ቢመጡ ጀባ እንላቸዋለን፣ ፈንዲሻውም አይቀርባቸውም። ግን ቡናው ላይ ምን እንደሚወራ ትንሽ ጆሮ ቢሰጡ ጽሑፉን ባልጻፉት ነበር። የማን ልጅ ሪያድ ገባች። የማን ልጅ ቤይሩት ላይ አሠሪዋ ደመወዝ ከለከለቻት። የማን ብር ዘገየ፣ የማን ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። የወሎ ቡና ግማሹ የውጭ ምንዛሪ ወሬ ነው።

ታናሽ እህቴ ጅዳ ናት። ስምንት ዓመት ሆናት። የሰው ቤት ትሠራለች። እናቴ ሐይቅ ነው የምትኖረው፣ እኔ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እወርዳለሁ። ብር የገባ ሰሞን እናቴ ስልኳን ከመቀነቷ ፈትታ ታወጣና የባንኩን መልእክት ታሳየኛለች። ማንበብ አቅቷት አይደለም፤ የማጥፊያዋን ቁልፍ እንዳትነካው ስለምትፈራ ነው። ቁጥሩን ጮክ ብዬ እንዳነበው አትፈልግም። "ቀስ በል፣ ግድግዳው ጭቃ ነው" ትላለች። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ ሰኞ ጠዋት ባንክ። በዚያ ብር ጣሪያው ተቀየረ። በዚያ ብር ትንሹ ወንድሜ ኮሌጅ ጨረሰ። በዚያ ብር አጎቴ ታከመ። ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ ብትሄዱ አዲስ ቤት ባያችሁ ቁጥር ባለቤቱ ማን እንደሆነ አትጠይቁ፣ ልጁ የት አገር እንዳለች ጠይቁ።

እናቴ ከልጇ የምትቀበለው ብር ግብር አይከፈልበትም። አይከፈልበትምም መሆን ያለበት። ግን ጸሐፊው ሰንጠረዥ ላይ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። የእህቴ ገቢ ጅዳ ስለሆነ ከሚካፈለው ገንዘብ ውስጥ የለበትም። በዚያ ገንዘብ የሚኖሩት እናቴ፣ ወንድሜና አጎቴ ግን ገንዘቡ ከሚካፈልበት የሕዝብ ቁጥር ውስጥ አንድ ሁለት ሦስት ተብለው ተቆጥረዋል። ከላይ ቀንሶ ከታች ደምሮ ማካፈል! እንዲህ ከተካፈለማ ማንም ደሃ ይሆናል።

ስደቱን እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ። እህቴ የሄደችው ወዳ አይደለም፣ በዓልም በስልክ ነው የምታሳልፈው። እያልኩ ያለሁት ግን "አይሠሩም" የተባለው ሕዝብ ሥራው ጸሐፊው ያዩበት ደብተር ላይ ስላልተጻፈ ብቻ እንደ ሥራ ፈት መቆጠሩ ነው።

ጸሐፊው ስዊድንን ስለሚወዷት ከዚያው ልጥቀስላቸው። ስዊድን 290 ማዘጋጃ ቤቶች አሏት። ከኖርዌይ ድንበር ተጠግተው ኦርየንግና ኤዳ የሚባሉ ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶች አሉ። በነዋሪ ገቢ ሲደረደሩ ከጭራ ናቸው። ሰዉ ሰንፎ ነው? ብዙው ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ድንበር ይሻገራል፣ ኖርዌይ ሠርቶ ማታ ይመለሳል። ደመወዙ ኖርዌይ ይከፈላል፣ ግብሩም ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል፣ ያን ጊዜ የስዊድኑ የገቢ መዝገብ አያየውም። ደጃፉ ላይ የቆመችው መኪና ሌላ ታወራለች፣ ሰንጠረዡ ሌላ ያወራል። ለእነሱ ድንበሩ የመኪና መንገድ ነው፤ ለእኛ ቀይ ባሕር ነው። ሒሳቡ ግን አንድ ነው።

ኮምቦልቻን በተመለከተ።

ከደሴ ተነስታችሁ ሐረጎን ቁልቁል ስትወርዱ ኮምቦልቻ ከሥር ተዘርግታ ትታያለች። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ደረቅ ወደቡ፣ በሐምሌ 2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ። ጸሐፊው "ይህን ሁሉ ይዛ ገቢዋ የት ገባ?" ብለው እንደ ትልቅ ምስጢር ይጠይቃሉ። ምስጢር የለውም። ጭሱ ኮምቦልቻ ነው፣ ወረቀቱ አዲስ አበባ።

ድርጅት የትርፍ ግብሩን የሚያሳውቀው በተመዘገበበት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ባለበት ነው። ትልቅ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ የከፍተኛ ግብር ከፋዮች ቅርንጫፍ ይገባል። ቅርንጫፉ ወይም ፋብሪካው ያለበት ከተማ ምን ያህል እንዳተረፈ ለብቻው ተነጥሎ የሚጻፍበት ዓምድ የለም። ደሴ ፒያሳ ቆማችሁ የባንክ ሰሌዳ ቁጠሩ፤ እኔ አንድ ቀን ደንበኛ ስጠብቅ መቁጠር ጀምሬ ታክቶኝ ትቼዋለሁ። ከእነዚያ ውስጥ ትርፉን ደሴ ላይ የሚያሰላ አንድም የለም። የእህቴን ብር የተቀበለው ባንክ እንኳ ከምንዛሪው ያገኘው ትርፍ ሰንጠረዡ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ገቢ መስሎ ቁጭ ብሏል።

ሕገ መንግሥቱም እንደዚያው አድርጎ ነው ያከፋፈለው። አንቀጽ 96 የፌዴራል ሠራተኛውንና የፌዴራል ልማት ድርጅቶችን ግብር ለፌዴራል ይሰጣል። አንቀጽ 97 የክልል ሠራተኛውን፣ ግለሰብ ነጋዴውን፣ ገበሬውንና የቤት ኪራዩን ለክልል። የኩባንያ ትርፍ በአንቀጽ 98 የጋራ ነው። እንግዲህ የከተማ ገቢ ጽሕፈት ቤት ደብተር ላይ ጎልቶ የሚታየው መምህሩ፣ ነርሷ፣ ባለ ሱቁና ቤት አከራዩ ነው። ጸሐፊው የለኩት ያንን ነው። የኮምቦልቻን አቅም ለካሁ ብለው የኮምቦልቻን ባለ ሱቅ ለክተው መጡ።

ፓርኩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ባለሀብት እንዲገባ ተብሎ ለተወሰኑ ዓመታት ከገቢ ግብር ነፃ የሚሆንበት ሕግ አለ። መንግሥት ራሱ "አትክፈል" ያለውን ሰው "ለምን አልከፈለም" ብሎ ከተማዋን መውቀስ ምን ይባላል? በዚያ ላይ ጦርነቱ። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ምን እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ ፓርኩም ተዘርፏል። ገና ሳይጠገን በታኅሣሥ አጎዋ የሚባለው፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚላክበት ገበያ ተዘጋ። ሱቁ ባዶ ሆኖ የጠበቀው ደንበኛዬ ኪሳራውን በሕጉ መሠረት ወደ ቀጣይ ዓመታት ሲያሸጋግር ግብር የሚከፈልበት ገቢው ዜሮ ይሆናል። እሱም መዝገብ ከተረፈለት ነው። ሁለቱ ደንበኞቼ መዝገባቸው ከዕቃቸው ጋር ነው የሄደው። ያኔ እነሱን እያጽናናሁ "አብሽር" ከማለት በቀር ምን ልጽፍላቸው እንደምችል ጨንቆኝ ነበር። ጸሐፊው እነዚያን ዓመታትም ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ደምረው አማካይ አውጥተዋል። ይህን አልፈዋለሁ፣ ያናድደኛል።

"ነጋዴው ይደብቃል" የሚለው ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋል፣ ልስጣቸው። ሁለት ደብተር የሚይዝ ነጋዴ አይቻለሁ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለራሱ። እኔ የምጽፈው ቀጭኑን መሆኑ የገባኝ አንድ ቀን ወፍራሙን ጠረጴዛ ላይ ረስቶት የወጣ ጊዜ ነው። "ደረሰኝ ትፈልጋለህ? በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ የማያውቅ ገዢ የለም። ግን ይህ የወሎ ጠባይ ነው? መርካቶ ሄደው ደረሰኝ ይጠይቁና ይንገሩን።

የቀረው ግማሽ እውነት ደግሞ ጸሐፊው የዘለሉት ነው። የትንሹ ነጋዴ ገቢ የተደበቀ ሳይሆን የተገመተ ነው። ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የነበረው ደረጃ ሐ ለዓመታት በቁርጥ ነው የከፈለው። ኮሚቴ ሱቁ በር ላይ ቆሞ የቀን ሽያጩን ይገምታል፣ በሥራ ቀናት ያባዛል፣ አለቀ።

አንዲት ቅመም የምትሸጥ እትዬ ነበሩ። ከተማዋን አልጠራም። ገበያዋ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ከቆላውም ከደጋውም ሰው ይወርዳል፣ መቆሚያ አይገኝም። በሌሎቹ ቀናት ድመት መንገድ ዘግታ ትተኛለች። ገማቾቹ የመጡት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። እትዬ በርበሬ እየሰፈሩ፣ ኮረሪማ እያስመረጡ፣ በሁለት በኩል ሰው ይጎትታቸዋል። ገማቹ ወጣት ልጅ ነው፣ ራቅ ብሎ ቆሞ ይጽፋል። እትዬ ደንበኛ መስሏቸው "ና ልጄ፣ ምን ልስጥህ?" ብለውታል። ወረቀቱ የመጣ ቀን ይዘውት እኔ ጋ መጡ። ቁጥሩን ሳነብላቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "ማክሰኞ መጥተው ቢሆን ኖሮ ዝንብ ስከላከል ያገኙኝ ነበር" አሉ። ቅሬታ ጻፍኩላቸው። ትንሽ ተቀነሰላቸው፣ የቀረውን ከፈሉ።

የእትዬ "ግብር የሚከፈልበት ገቢ" የዚያን ዓመት እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ሲባዛ ነው። አጠገባቸው ያለው ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ደግሞ ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ ግማሹን ዕቃ ጓዳ አስገብቶ ጠበቀ። የእሱ ገቢ ባዶ መደርደሪያ ሲባዛ ሆነ። ሁለቱ ተደምረው የከተማዋ ቁጥር ወጣ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምቱ በብዙ የአገሪቱ ከተሞች ሱቅ ያዘጋው ለዚህ ነበር። አሁን በማሻሻያው ደረጃ ሐ ቀርቶ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ሁሉ ደረጃ ለ ሆኗል፣ የሚከፍለውም ከሽያጩ ላይ በመቶኛ ነው። ይሻላል አይሻልም ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ለዛሬው ግን የድሮውንና የአሁኑን ደርቦ "ይህ ከተማ ወረደ፣ ያ ከተማ ወጣ" ማለት በቁናና በኪሎ የተሰፈረን እህል አንድ ላይ መደመር ነው።

በነገራችን ላይ፣ "ግብር የማይከፍል ሕዝብ" የሚለውን ቃል ቢያነሱት ጥሩ ነው። እናቴ ሳሙና ስትገዛ የጉምሩክ ቀረጡና ተጨማሪ እሴት ታክሱ ዋጋው ውስጥ አለ። ማንም አይጠይቃትም፣ ማንም ሰንጠረዥ ላይ አይጽፍላትም። ከፍላ ነው የምትታጠበው።

ቀጥሎ ትልቁ ሐሳባቸው፦ እያንዳንዱ ከተማ የሰበሰበውን ይብላ፣ ስዊድን እንዲያ ነው።

አይደለም። ማለቴ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። የስዊድን ማዘጋጃ ቤቶች የራሳቸውን የገቢ ግብር መጣኔ ይወስናሉ፤ ከክልሉ ጋር ሲደመር በአማካይ ከገቢ 32 በመቶ ገደማ ይሆናል። ጸሐፊው ይቺን አንብበው መጽሐፉን ዘጉት። ቀጣዩ ገጽ ላይ ያለውን ልንገራችሁ። ስቶክሆልም ጥግ ዳንደሪድ የምትባል የሀብታሞች ማዘጋጃ ቤት አለች፤ በነዋሪ ገቢ ከአገሪቱ ቁንጮ ናት። ዳንደሪድ የሰበሰበችውን ሁሉ አትበላም። በገቢ ማመጣጠኛው ሥርዓት በየዓመቱ ታወጣለች። ግብር የሚከፈልበት ገቢያቸው ዝቅ ያለ ማዘጋጃ ቤቶች ደግሞ ከአገሪቱ አማካይ 115 በመቶ ያህል እስኪደርስ ድረስ ይሞላላቸዋል፤ አብዛኛውን የሚሞላው መንግሥት ነው። ከአማካይም በላይ! ስለዚህ የሚሰጡት ጥቂት፣ የሚቀበሉት ብዙ ናቸው። ኦርየንግም ተቀባይ ናት። ጸሐፊው ለእኛ ያዘዙልንን መድኃኒት ስዊድን ራሷ አልዋጠችውም።

እኛም ጋ የጀመረ ነገር አለ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ የማከፋፈያ ቀመር ያወጣል፤ ክልሉ ደግሞ ለወረዳዎችና ለከተሞች ጥቅል በጀት ያወርዳል። ቀመሩ ጥሩ ነው አልልም። ሲንሻፈፍ አይቻለሁ፣ መምህራን ደመወዝ ሲዘገይባቸውም አይቻለሁ። የተንሻፈፈውን ማቃናት አንድ ነገር ነው። ሁሉም የራሱን ይብላ ብሎ መጣል ግን ሌላ ነው።

ምክንያቱም የማን የራሱ? ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነን ነበር የምንቀመጠው። ቦርሳ አስገብተን በክርናችን እየተገፋፋን። አንዱ ዛሬ አዲስ አበባ መሐንዲስ ነው፤ ከ14,000 ብር በላይ ካለው ደመወዙ 35 በመቶ ይቆረጣል፣ ሰንጠረዡ ላይ አዲስ አበባን ከፍ ያደረጋት እሱ ነው። አንዱ ሐዋሳ ነው፣ የራሱ ድርጅት አለው። አንዱ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳል። ደሴ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ እኔም የማገባው የደረጃ ለ ግብር ነው። አራታችንንም ያስተማረን የወሎ መምህር ነው። የከተበን የወሎ ጤና ጣቢያ ነው። ከዚህም አልፎ ደሴ ሆስፒታል ከአፋር ድረስ በሽተኛ ይመጣበታል፤ "የየት ከተማ ግብር ከፋይ ነህ?" ብሎ የሚመልሰው ሐኪም የለም። ወጪው እዚህ ተጽፏል፣ ገቢው ሌላ ቦታ። ከዚያ በገቢው ብቻ ደርድረው "ከታች ናችሁ" ይሉናል።

ጸሐፊው ሰንጠረዡን በየዓመቱ እንደሚያወጡት ቃል ገብተዋል። ያውጡት፣ እኔም አነባለሁ። ግን በሚቀጥለው ሁለት ዓምድ ይጨምሩልን። አንዱ ከውጭ በሐዋላ የገባ ገንዘብ። ሁለተኛው እዚያ ከተማ ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ፣ ሌላ ከተማ ግብር የሚከፍለው ሰው ብዛት። እነዚህን አግኝተው ከሞሉና ወሎ ያኔም ከታች ከሆነች፣ ደሴ ይምጡና ቡናውን እኔ ነኝ የምጋብዛቸው።

ይህን ጽሑፍ ያለፈው እሑድ ሐይቅ ሆኜ ነው የጀመርኩት። እናቴ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። አንድ ሰው ወሎ ገቢ የለውም ብሎ ስለጻፈ እየመለስኩለት ነው፣ የእህቴንም ብር ጠቀስኩት አልኳት።

"የእህትህን ብር ጻፍከው?" አለች። "ያረቢ! ነገ መጥተው ሊገምቱኝ ነው።"

ስልኳን መልሳ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።